ለልጅም ለአዋቂም የሚሆን ካርቱን ለመምረጥ፦ ሰባት አማራጮች ጎን ለጎን

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ሶፋው ላይ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የአምስት ዓመቱ ልጄ እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ በጎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ የሰው ልብስ ለብሰው፣ ሰው መስለው ፒዛ ሊገዙ ይሄዳሉ። እናቴ መልቀሟን አቆመች። «ኧረ ይሄ በግስ የጉድ ነው!» አለች። ልጄ በሳቅ ፈረሰ። «እማማ፣ እናንተ አገርም እንዲህ ዓይነት በግ ነበር?» አላት። ነበር። አጥር እየዘለለ የጎረቤት ገብስ የሚጨርስ፣ ሰው ሲመጣበት ደግሞ መንጋው መሀል ገብቶ ምንም ያላደረገ የሚመስል አውራ በግ ነበር። ካርቱኑ ሰባት ደቂቃ ነው። የአውራው በግ ታሪክ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ወጥ ቤት ሆኜ ሁለቱን ስሰማቸው አንድ ነገር ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ካርቱን የምመርጠው «ለልጅ ይሆናል ወይ?» ብዬ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። አጠገቡ ያለው አዋቂ ሳይነሳ ያየዋል ወይ?

ይህ ለአዋቂው ድሎት ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ የ«ሰሳሚ ስትሪት»፣ አዘጋጆች ለወላጅ የሚሆን ቀልድና ታዋቂ እንግዳ ሆን ብለው ያስገቡ ነበር። ወላጅ አብሮ ሲያይ ልጁ የበለጠ እንደሚማር ስላመኑ ነው። እኛም አገር አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ከፊት ልጆች ይደረደራሉ፣ ከኋላ አዋቂው ቆሞ ያዳምጣል። በማግስቱ ስለ ተረቱ ልጁን የሚጠይቀው ሰው አይጠፋም ነበር።

ደግሞ ጊዜው ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። 2 ዓመት ላልሞላው ጭራሹን አይመክርም። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ካለን፣ ያንን ሰዓት ምን እንደሚሞላው መርጠን ማስገባት አለብን።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

*ሰምና ወርቅ አለው ወይ?* ለእኔ ትልቁ መለኪያ ይህ ነው። ጥሩ ካርቱን እንደ ቅኔ ነው። ልጁ ሰሙን ይወስዳል፣ አዋቂው ወርቁን ያገኛል፣ ሁለቱም ግን የሚያዩት አንድን ነገር ነው። በ2009 የወጣው የፒክሳር ፊልም «አፕ» ለዚህ የማልረሳው ምሳሌ ነው። መጀመሪያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ንግግር የሌለበት ክፍል አለ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይጋባሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ልጅ ይመኛሉ፣ አይሆንላቸውም። ለጉዞ ብለው ሳንቲም ያጠራቅማሉ፤ ጎማ ይፈነዳል፣ እግር ይሰበራል፣ ጣሪያ ይወድቃል፣ ያጠራቀሙት በየጊዜው ይሰበራል። ያረጃሉ። እሱ ብቻውን ይቀራል። ልጄ ይህን ሲያይ የተከፋ ሽማግሌ አየ፤ ቀጥሎ ፊኛዎቹ መጡና ደስ አለው። እኔ ግን ለነገ ያልነው ጉዞ ሁሉ ትዝ አለኝና ሆድ ባሰኝ።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። አንዳንድ ካርቱኖች አዋቂን የሚይዙት ከልጁ ጭንቅላት በላይ በሚያልፍ የብልግና ቀልድ ነው። ይሄ ወርቅ አይደለም። ልጁ «ምን ብሎ ነው የሳቃችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ መስጠት ካቃታችሁ፣ ካርቱኑ ሁለታችሁን ለያይቷችኋል ማለት ነው። የ«አፕ»ን ሽማግሌ በተመለከተ ግን ልጁ ምን ቢጠይቅ መመለስ ይቻላል።

*ፍጥነቱ።* በ2011 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ9 ደቂቃ ፈጣን ካርቱን አየ፣ ሌላው ዝግ ያለ ትምህርታዊ ካርቱን፣ ሦስተኛው በከለር ሥዕል ሣለ። ወዲያው በተሰጣቸው ፈተና ፈጣኑን ያዩት ልጆች ትኩረት መሰብሰብና ራስን መግታት ላይ ከሌሎቹ አነሱ። በፈጣኑ ካርቱን ትዕይንቱ በአማካይ በየ11 ሰከንዱ ይቀየር ነበር፤ በዝግተኛው በየ34 ሰከንዱ። ጥናቱ የለካው ወዲያው ያለውን ነው እንጂ ከዓመት በኋላ የሚሆነውን አይደለም። ለቤት ግን ጥሩ ዘዴ ሰጥቶናል። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ለኩና ትዕይንቱ ሙሉ በሙሉ በተቀየረ ቁጥር ቁጠሩ። ሁለት ሦስቴ ከሆነ ዝግ ያለ ነው። አምስት ስድስቴ ከደረሰ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት ይቅር።

*ፍርሃቱ መውጫ አለው ወይ?* ምንም የማያስፈራ ካርቱን መፈለግ ስህተት ይመስለኛል። እኛ ያደግንባቸው ተረቶች ጅብ የሞላባቸው ነበሩ። ጥያቄው ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ታሪኩ ልጁን ይዞት ይወጣል ወይስ እዚያው ጥሎት ይሄዳል የሚለው ነው።

*እጅ እጅ አይልም ወይ?* ልጅ አንዱን ክፍል ሃያ ጊዜ ያያል። ይህ የሚማርበት መንገድ ነው። «ብሉዝ ክሉዝ» የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም በ1996 ሲጀመር ይህን አውቆ አንዱን ክፍል በተከታታይ አምስት ቀን ያሳይ ነበር። ስለዚህ ካርቱኑ በሃያኛው ጊዜም አዋቂውን የማያስመርር መሆን አለበት። እኔ የምመዝነው በሙዚቃው ነው። ከጓዳ ሆናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙት። ራስ የሚያዞር ከሆነ አይቆይም።

የቀሩት ሁለቱ መለኪያዎች ቋንቋና ዋጋ ናቸው። ቋንቋውን ከየአማራጩ ጋር አነሣዋለሁ። ዋጋ ስል የወር ክፍያውን ብቻ አይደለም፣ ዳታውንም ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው ግምት በዝቅተኛ ጥራት አንድ ሰዓት 0.3 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፤ በኤችዲ ግን እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል። አሥር እጥፍ ነው። ካርቱን በስልክ ስክሪን በዝቅተኛ ጥራት ሲታይ ብዙም የሚጎድለው ነገር የለም።

አንደኛ፦ ንግግር የሌላቸው አጫጭር ካርቱኖች

የእናቴ በጎች «ሾን ዘ ሺፕ» ይባላሉ። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ያለው አርድማን ስቱዲዮ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ነው። አሻንጉሊቶቹን በእጅ ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ እያነሡ ነው የሚሠሩት። እያንዳንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ያህል ነው። ማንም አይናገርም። ገበሬው እንኳ ያጉረመርማል እንጂ ቃል አይወጣውም።

ንግግር ስለሌለው ንግግሩን የሚሞላው አጠገብ ያለው ሰው ነው። አማርኛ የሚናገር ቤት ውስጥ ካርቱኑ አማርኛ ይሆናል፣ ኦሮምኛ የሚናገር ቤት ኦሮምኛ ይሆናል። እንግሊዝኛ የማይገባት አያት ከልጅ ልጇ እኩል ትስቃለች። እንዲያውም ትበልጠዋለች፤ በግ ጠብቃ ያደገች እሷ ናት። ከስቱዲዮው የራሱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ሙሉ ክፍሎች በነፃ ይገኛሉ። ሁሉንም መለኪያ ሳስብ ከሰባቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛ፦ ቶምና ጄሪ

ያልሰማው የለም። ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ በ1940 ሲጀምሩት ለሲኒማ ቤት ነበር፤ ከዋናው ፊልም በፊት ለአዋቂም ለልጅም ይታይ ነበር። አዋቂ እስከ ዛሬ የሚስቅበት ለዚህ ነው። ሙዚቃው ሙሉ ኦርኬስትራ ነው፤ ድመቷ አንድ እግር ስታነሣ እንኳ አብሮ ይነሣል። ቶም በጥቁር ሱፍ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሊስትን ሙዚቃ የሚጫወትበት፣ ጄሪ ደግሞ ፒያኖው ውስጥ ተኝቶ የሚነቃበት ክፍል በ1947 ኦስካር አግኝቷል። በጠቅላላው ሰባት ኦስካር አላቸው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። መደብደቡ ሕመም የለውም። በመጥበሻ የተመታ ወዲያው ይነሣል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ይህን እህቱ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ስለዚህ ስድስት ዓመት ገደማ ቢጠበቅ እመርጣለሁ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በቀድሞዎቹ ክፍሎች ጥቁር የቤት ሠራተኛ ከእግሯ ብቻ እየታየች መሣቂያ ትደረጋለች። ፈንጂ ሲፈነዳ ፊት ጠቁሮ ጥቁር ሰው ላይ የሚቀለድበትም አለ። ልጆቻችን ጥቁር ናቸው። እነዚህ ክፍሎች ሲመጡ አብሮ ሆኖ ማስረዳት ወይም መዝለል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ብሉይ

በ2018 አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ የተጀመረ ነው። አራት ውሾች፣ አባት፣ እናትና ሁለት ሴት ልጆች። ክፍሎቹ አብዛኞቹ 7 ደቂቃ ናቸው። ታሪኩ ሁሉ ጨዋታ ነው። ልጆቹ ሆስፒታል ይጫወታሉ፣ አባትየው በሽተኛ ይሆናል፤ ደክሞት እንኳ ይጫወታል።

ብዙ ካርቱን ላይ አባት ወይ ሞኝ ነው ወይ የለም። እዚህ ግን አባትየው ልብስ ያጥፋል፣ ምሳ ያዘጋጃል፣ ያጠፋል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ክፍል አለ፤ ትንሿ ልጅ ዛሬ በራሴ አልጋ ብቻዬን አድራለሁ ብላ ትተኛለች። በሕልሟ ጠፈር ላይ ከፕላኔት ፕላኔት ትበራለች፣ ከሥር የሆልስት «ጁፒተር» የተባለው ሙዚቃ አለ። ብርድ ሲይዛት የሚያሞቃት ፀሐይ እናቷ ናት። ልጄ ፕላኔቶቹን ቆጠረ። እኔ ያንን ሳይ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ የሚወጡትን ትንንሽ እግሮች እያሰብኩ ነበር።

ጉድለቱ ቋንቋው ነው። ንግግሩ ብዙና የአውስትራሊያ እንግሊዝኛ ነው፤ ያልገባው ሰው ግማሹን ያጣል። አያት ትነሣለች። ከአውስትራሊያ ውጭ ዋናው ማሳያው ዲዝኒ ፕላስ ስለሆነ የወር ክፍያም አለው።

አራተኛ፦ የሆሊውድ ረጃጅም ፊልሞች

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ በፍላሽ ሲዞሩ ኖረዋልና ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከመካከላቸው ከልጅ ጋር ለመነጋገር የሚያስችለው የ2015ቱ «ኢንሳይድ አውት» ነው። በአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና ንዴት ሰው ሆነው ይኖራሉ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ ካየችው በኋላ «ዛሬ ሐዘን ነው መሪውን የያዘው» ማለት ጀመረች። ምን ሆንሽ ስትባል «ምንም» የምትል ልጅ ነበረች። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ይረቅበታል። «ዘ ላየን ኪንግ» ላይ የአባትየው ሞት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ፊልሙ ግልገሉን ሐዘኑ ውስጥ ትቶት አይሮጥም፣ መልሶ ያወጣዋል። ቤታችሁ በቅርብ ሐዘን ከገባ ግን ጊዜ ስጡት።

አምስተኛ፦ የጃፓኖቹ ዝግተኛ ፊልሞች

የሀያኦ ሚያዛኪ «ማይ ኔበር ቶቶሮ» በ1988 የወጣ የ86 ደቂቃ ፊልም ነው። እናታቸው ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ ጫካው ውስጥ አንድ ትልቅ ጸጉራም ፍጡር ያገኛሉ። ክፉ ሰው የለበትም። ማንም አይሸነፍም። ማታ በዝናብ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ። ትልቋ ታናሿን አዝላለች። ያ ፍጡር መጥቶ አጠገቧ ይቆማል። ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ከዛፉ የሚወርደው ጠብታ ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ያስደስተዋል። ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ሌላ ምንም አይሆንም።

ፈጣን የለመደ ልጅ መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጣል። ሃያ ደቂቃ ታገሡት። ልጄ ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዛፍ ሥር ጃንጥላ ይዞ ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያው ስቱዲዮ፣ ጂብሊ፣ በዚያው ቀን ለእይታ ያበቃው ሌላ ፊልም አለ፤ «ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ»። በጦርነት ስለተራቡ ሁለት ልጆች ነው። ታላቅ ሥራ ነው፣ ለልጅ ግን አይሆንም። የስቱዲዮ ስም ብቻ አይታችሁ አትክፈቱ። የስቱዲዮው ፊልሞች ከ2020 ጀምሮ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከጃፓን ውጭ በኔትፍሊክስ ይገኛሉ።

ስድስተኛ፦ ኪሪኩ

የፈረንሳዩ ሚሼል ኦስሎ በ1998 ያወጣው ፊልም ነው። ኦስሎ ልጅነቱን ያሳለፈው ጊኒ ነው፤ ታሪኩም ከምዕራብ አፍሪካ ተረት የመጣ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ሴኔጋላዊው ዩሱ ንዱር ነው። አንድ ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ ይናገራል፣ ራሱን ይወልዳል፣ እትብቱን ራሱ ይቆርጣል። የጉልበት ቁመት የማይሞላው ይህ ልጅ መንደሩን ውኃ ከነሣችው ጠንቋይ ጋር ይገጥማል።

ስንዝሮን የሰማ ሰው ኪሪኩን ወዲያው ያውቀዋል። እናቴ ስታየው «ይሄማ የኛው ስንዝሮ ነው!» ነው ያለችው። የፊልሙ ወርቅ ያለው ኪሪኩ በሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ነው። መንደሩ ሁሉ ጠንቋይዋን ይፈራል፤ እሱ ግን ለምን ክፉ እንደሆነች ይጠይቃል። ማንም ያልጠየቀው ነገር ነው። መልሱ ጀርባዋ ላይ የተሰካ መርዘኛ እሾህ ሆኖ ይገኛል። ልጅ እሾሁን ያያል። አዋቂ የሚያውቃትን አንዲት ሰው ያስባል።

ቆዳችን የሚመስል ቆዳ፣ የምናውቀው ዓይነት መንደር፣ እንደ ሥዕል የተሠራ ጫካ። ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ሴቶቹ እንደ ጥንቱ ደረታቸው ያልተሸፈነ፣ ሕፃናቱም ራቁታቸውን መሆናቸውን ነው። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ አገሮች ለማሳየት ተቸግሮ ነበር። እኔ ነውር ሆኖ አልታየኝም፤ የየቤቱ ወግ ግን ይለያያል፣ ቀድማችሁ እዩት። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ቅጂም አለው። ቋንቋው ካልገባ እናንተ ተርጓሚ ሁኑ። ተረት ስለሆነ ለመተረክ ይመቻል።

ሰባተኛ፦ በአማርኛ የተሠሩት

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ2006 ነው የተጀመረው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ነው። ፀሐይ ስድስት ዓመቷ የሆነ ቀጭኔ ናት። በትክክል ካርቱን አይደለም፣ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ቢሆንም በዚህ ንጽጽር ሳላስገባው ማለፍ አልችልም። እጅ መታጠብ፣ ፊደል፣ ጓደኛ ማፍራት፣ ሁሉም በእኛ ቤት ቃና ነው። ልጁ ቋንቋውን ለመፍታት ሳይደክም በቀጥታ ወደ ታሪኩ ይገባል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ጅምር አላገኘሁም። በሠሪዎቹ የተሠራው ሌላ ሥራ «ጥበብ ገርልስ» ካርቱን ነው። ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል አላቸው፤ ያለዕድሜ ጋብቻን ከመሰለ ጎጂ ልማድ ጋር ይታገላሉ። ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ፣ በተለይ ሴት ልጅ ላለው ቤት፣ ጥሩ ወሬ ያስጀምራል።

በዩቲዩብ ላይ ብዙ የአማርኛ ተረት ካርቱኖች አሉ። ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር ስሙ። አንደኛ፣ አማርኛው ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው ወይስ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ? ሁለተኛ፣ ተራኪው ለሁሉም አንድ ድምፅ ነው የሚጠቀመው ወይስ ጅቡን ጅብ አድርጎ ይናገራል? ሁለተኛውን ያሟሉ ጥቂት ናቸው። ሲገኙ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ዩቲዩብ በራሱ የሚያመጣው

ይህን እንደ ስምንተኛ አማራጭ አልቆጥረውም፤ በተግባር ግን ብዙ ቤት የሚታየው ይሄ ነው። ስልኩ ለልጁ ይሰጣል፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይመጣል። በ2017 ታዋቂ ገጸ ባሕርያትን አስመስለው የተሠሩ አስደንጋጭ ቪዲዮዎች በልጆች ቪዲዮ መሀል ተገኝተው ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ዩቲዩብ ብዙዎቹን አጥፍቷል። ችግሩ ግን አስደንጋጭ በሆነው ላይ አያበቃም። ማለቂያ የሌለው ነገር ለመጠየቅ ፋታ አይሰጥም። ተረት «ተረቴን መልሱ» ተብሎ ያልቃል፤ እዚያ ላይ ልጅ ይጠይቃል፣ ወይም ራሱ ሊተርክ ይነሣል። ስለዚህ በራሱ የሚቀጥለውን ኦቶፕሌይ አጥፉ። ዩቲዩብ ኪድስ የምትጠቀሙ ከሆነ ወላጅ የፈቀደው ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ እሱን ክፈቱት።

| አማራጭ | የሚመቸው ዕድሜ | ፍጥነት | ቋንቋ | ለአዋቂው | ወጪ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሾን ዘ ሺፕ | ከ4 ጀምሮ | መካከለኛ | ንግግር የለውም | በጣም ይይዛል | ነፃ፣ ዳታ ብቻ | የለም ማለት ይቻላል |
| ቶምና ጄሪ | ከ6 ጀምሮ | ፈጣን | ንግግር ጥቂት ነው | ይይዛል | በቀላሉ ይገኛል | ድብደባ፣ በጥቁር ሰው ላይ መቀለድ |
| ብሉይ | ከ3 እስከ 8 | መካከለኛ | እንግሊዝኛ | እንግሊዝኛ ለሚሰማ በጣም | የወር ክፍያ | ቋንቋው |
| የሆሊውድ ፊልሞች | ከ6–8 ጀምሮ | ፈጣን | እንግሊዝኛ | እንደ ፊልሙ | ክፍያ | ሞትና ሐዘን |
| ቶቶሮ | ከ4 ጀምሮ | በጣም ዝግ ያለ | ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛ | በጣም ይይዛል | ክፍያ | የስቱዲዮውን ሌላ ፊልም አታምታቱ |
| ኪሪኩ | ከ6 ጀምሮ | ዝግ ያለ | ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ | በጣም ይይዛል | ፈልጎ መግዛት | ራቁትነት፣ ጠንቋይዋ |
| ፀሐይ / ጥበብ ገርልስ | ከ3–6 / ከ8 በላይ | ዝግ ያለ / መካከለኛ | አማርኛ | መካከለኛ | አነስተኛ | ብዛታቸው ትንሽ ነው |

ዕድሜው የእኔ ግምት ነው። ልጁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለየቤቱ

አንድ ስልክና ትንሽ ፓኬጅ ብቻ ካለ፦ «ሾን ዘ ሺፕ»ና «ፀሐይ» ይበቃሉ። ሌሊት ዳታው ሲረክስ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ በዩቲዩብ መተግበሪያው ላይ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለማየት አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። አሥር ክፍል ለወር ይበቃል፤ ልጅ መደጋገም ይወዳል ብያለሁ።

የሦስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አንድ ላይ ካሉ ትንሹን መሠረት አድርጉ። ትልቁ ለትንሹ ሲያስረዳ ራሱ ሌላ ደስታ አለው። የትልቁን ፊልም ትንሹ ከተኛ በኋላ እዩት። እኛ ቤት ትልቋ ያንን ሰዓት «የትልልቆች ሰዓት» ብላ ሰይማዋለች፤ እንደ ማዕረግ ነው የምትይዘው።

ቶሎ የሚደነግጥ ልጅ ካላችሁ በ«ቶቶሮ» ጀምሩ፣ ኪሪኩን አቆዩት። እንቅልፍ እንቢ የሚል ከሆነ ከማታ አንድ ሰዓት በኋላ ፈጣን ነገር አትክፈቱ። ክፍያ ለአንድ ነገር ብቻ ከቻላችሁና ቤታችሁ እንግሊዝኛ የሚሰማ ከሆነ «ብሉይ» ገንዘቡን ያወጣል።

ውጭ አገር ላላችሁ ችግሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛው፣ ዕብራይስጡ፣ ጀርመንኛው፣ ዓረብኛው ልጁን ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣበታል፤ የሚያንሰው አማርኛው ነው። እዚያ «ፀሐይ» የመጀመሪያ ምርጫ ትሁን፤ ንግግር የሌላቸው ካርቱኖች ደግሞ ሁለተኛ። የሌላ አገር ካርቱን ባያችሁ ቁጥር ልጁ ለአያቱ በአማርኛ እንዲተርክላት ጠይቁት። ቃል ሲያጣ ቃሉን ስጡት።

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኳን ከስኳር ዕቃው ታስደግፈዋለች። እዚያ ጠዋት ነው፣ እዚህ ከሰዓት። እናቴና የልጅ ልጇ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ብለው የበጎቹን አንድ ክፍል እኩል ይከፍታሉ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንዳቸው ቀድመው ይስቃሉ፣ ሌላዋ «ቆይ ቆይ፣ እኔ ጋ ገና ነው!» ትላለች። ባለፈው እሑድ ክፍሉ ካለቀ በኋላ የእህቴ ልጅ ስለ ካርቱኑ አልጠየቀችም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርጋ፣ ገብስ የሚጨርሰው ያ አውራ በግ በመጨረሻ ምን ሆነ ነው ያለችው።